ቤርታ ቤንዝ፦ በባርኔጣ መርፌ ሞተር የጠገነችው ሴት

መኪናችሁ መንገድ መሃል ቀጥ ብሎባችሁ ያውቃል? ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ከኋላ ክላክስ ይጮሃል። አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ ሌላው ፖምፓ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳይጠየቅ ኮፋኖ ከፍቶ ሽቦ መነካካት ይጀምራል። ያናድዳል፣ ግን ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው አለ። መካኒክ አለ፣ ማደያ አለ፣ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ዕቃ የለም።

አሁን ደግሞ ይሄን ሁሉ አጥፉትና አስቡት። ጋራዥ የለም። ማደያ የለም። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። መኪና ቆሞበት የሚያውቅ ሌላ ሹፌርም በአካባቢው የለም። ነሐሴ 1888 ላይ ጀርመን ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር መንገድ የወጣችው ቤርታ ቤንዝ የገጠማት ይሄ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚያውቃት የካርል ቤንዝ ሚስት ተብላ ነው። ታሪኳን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ካርል መኪናውን ሠራ፣ እሷ ደግሞ መኪና ሲበላሽ ሰው ሊጠግነው እንደሚችል አሳየች። ገበያውን የከፈተው ደግሞ ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥሎሿን ሞተር ላይ ያዋለች ልጅ

ቤርታ ሪንገር የተወለደችው ግንቦት 3 ቀን 1849 ፎርትስሃይም በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። ከተማዋ በጌጣጌጥና በሰዓት ሥራ የታወቀች ናት። አባቷ አናጺና ሕንፃ ሠሪ ነበር፣ ኑሮውም የሞላ። በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እሷ የተወለደች ዕለት አሁንም ሴት ብቻ በመሆኗ ማዘናቸውን የሚገልጽ ቃል ተጽፎ እንደነበር ይነገራል። ልጅቷ አድጋ ይሄንን ስታነብ ምን እንደተሰማት መገመት አይከብድም።

በ1869 ካርል ቤንዝ ከሚባል ወጣት መሐንዲስ ጋር ተዋወቀች። ካርል የባቡር ነጂ ልጅ ነው። አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ እናቱ በችግር ነው ያሳደገችው። ኪሱ ባዶ ቢሆንም ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ ነበር።

በ1871 ካርል ኦገስት ሪተር ከሚባል ሸሪክ ጋር ማንሃይም ከተማ ውስጥ ወርክሾፕ ከፈተ። ሥራው ገና ከመጀመሪያው ተበላሸ። ሸሪኩ የማይታመን ሆነ፣ የሥራ መሣሪያዎቹም እስከ መያዝ ደረሱ። በዚህ ጊዜ ነው ቤርታ የገባችበት።

እኛ ጋ ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው ወንዱ ነው። እነሱ ጋ ደግሞ ለሚያገባት ሴት ልጁ ገንዘብ የሚሰጠው አባት ነበር። ቤርታ ይሄ ገንዘብ ከሠርጉ በፊት እንዲሰጣት አባቷን ጠየቀች። በዚያው ገንዘብ የሪተር ድርሻ ተገዝቶ ወርክሾፑ የካርል ሆነ። የተጋቡት ከዚያ በኋላ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1872 ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ሴትዮዋ ያደረገችው በዛሬ ቋንቋ ስታርትአፕ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ያውም ባንክ የሸሸው፣ ሸሪክ ያበላሸው፣ ምርቱ ገና ያልተሠራ ስታርትአፕ ላይ። ልዩነቱ፣ የዛሬ ባለሀብት ስሙ በአክሲዮን ላይ ይጻፋል፣ የእሷ ግን የትም አልተጻፈም። በኋላ የወጣው የፈጠራ መብት ላይም ስሟ የለም።

ሞተሩ የተነሳበት ሌሊት

ከጋብቻው በኋላ ያሉት ዓመታት የችግር ነበሩ። ልጆች መጡ፤ ኦይገን በ1873፣ ሪቻርድ በ1874፣ ክላራ በ1877። ሥራው ግን ቤተሰቡን በቅጡ አይመግብም። ካርል ባለችው ጊዜና ገንዘብ ሁሉ አንድ ባለ ሁለት ምት የጋዝ ሞተር ላይ ተጠምዶ ነበር።

ታሪኩ እንደሚነገረው የ1879 የመጨረሻ ምሽት፣ ዓለም አዲስ ዓመት ሲጠብቅ፣ ከራት በኋላ ቤርታ ነች አንዴ ደግመን እንሞክረው ያለችው። ተያይዘው ወደ ወርክሾፑ ሄዱ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሳይቋረጥም ሠራ። ለእነሱ ያ ድምፅ የእንጀራ ድምፅ ነበር።

በ1883 ካርል ከአዳዲስ ሸሪኮች ጋር ቤንዝ እና ኩባንያውን አቋቋመ። ቆመው የሚሠሩ፣ ለፋብሪካ የሚያገለግሉ ሞተሮችን እያመረቱ መሸጥ ሲጀምሩ ገንዘብ መግባት ጀመረ። በዚያ ገቢ ነው ካርል የልጅነት ሕልሙን መሥራት የቻለው። ጥር 29 ቀን 1886 ለባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪው የፈጠራ መብት አመለከተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም መኪናው ማንሃይም ጎዳና ላይ በሰው ፊት ታየ።

ስለዚያ ሞተር ትንሽ ልንገራችሁ። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ነው፣ ይዘቱም 954 ሲሲ። ጉልበቱ ግን አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳን አይሞላም፣ 0.75 ነው። በደቂቃ 400 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቁልፍ የሚባል የለም፤ ከኋላ ያለውን ትልቅ መዘውር በእጅ እያሽከረከሩ ነው የሚያስነሱት። ውኃው በራዲያተር ውስጥ አይዞርም፤ ሞተሩን እያቀዘቀዘ በእንፋሎት ይተናል። ስለዚህ ሲሄድ የሚጠጣ መኪና ነው፣ እንደ በቅሎ።

የማይሸጠው ዕቃ

ፈጠራ አለ፣ የፈጠራ መብት አለ፣ ፋብሪካ አለ። ገዢ የለም።

ሰው መኪናውን ያያል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ፈረስ ይደነግጥበታል። ካርል ደግሞ ጎበዝ መሐንዲስ ቢሆንም ሻጭ አልነበረም። አልቆ እንኳን አላለቀም ብሎ የሚያምን፣ ሁልጊዜ የሚያስተካክለው ብሎን የማያጣ ሰው ነበር።

የገዢውን ጭንቀት ግን እንረዳለት። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሉ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው የሚል አይደለም። መንገድ ላይ ይጥለኛል ወይ ነው። ከጣለኝስ ማን ያነሳኛል? የ1888 ገዢም ያው ነው። መኪናው ፋብሪካው አጠገብ መሐንዲሱ ቆሞለት ሲሄድ አይቷል። መሐንዲሱ በሌለበት ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም፣ ካርል ራሱም አያውቅም።

ይሄንን ጥያቄ በወረቀት መመለስ አይቻልም። አንድ ሰው ይዞት መሄድ ነበረበት።

ማንሃይም ፎርትስሃይም

ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወቅት ነበር። ቤርታ 39 ዓመቷ ነው። አንድ ማለዳ ለካርል ሳትነግረው ከኦይገንና ከሪቻርድ ጋር መኪናውን አውጥታ ተነሳች። ኦይገን 15፣ ሪቻርድ ደግሞ ወደ 14 ይጠጋሉ። የሚሄዱት እናቷ ወዳለችበት ፎርትስሃይም፣ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መኪና ሲሄድ የታየው ከቤት ብዙም ሳይርቅ ነበር።

የያዙት ዓይነት ከመጀመሪያው ትንሽ ጠንከር ያለ፣ ሦስተኛው ሞዴል ነው። ቢሆንም የሚይዘው ነዳጅ 4.5 ሊትር ገደማ ብቻ። ነዳጁ ሊግሮይን የሚባል፣ ሰው የልብስ ቅባት ለማስለቀቅ የሚጠቀምበት ፈሳሽ ነበር። የት ይሸጣል? መድኃኒት ቤት። ቪስሎኽ ከተማ ሲደርሱ ቤርታ መድኃኒት ቤት ገብታ ሊግሮይን ገዛች። ያ መድኃኒት ቤት ዛሬ የዓለም የመጀመሪያው ማደያ እየተባለ ነው የሚጠራው።

ከዚያ ብልሽቱ ተራ በተራ መጣ።

ሞተሩ አልሠራም አለ። ነዳጅ አለ፣ ግን አይደርስም፤ ነዳጅ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ተደፍኗል። ቤርታ ባርኔጣዋን ፀጉሯ ላይ የምታስይዝበትን ረጅም መርፌ ነቅላ ቱቦውን ጠረገችው። ሞተሩ ተነሳ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባሱ ተልጦ ብልጭታው ያለ ቦታው መሄድ ጀመረ። የእግር ሹራቧን የምታስርበትን ላስቲክ አውልቃ ሽቦውን ጠቀለለችው። አሁንም ተነሳ።

ውኃው ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ በየደረሱበት መሙላት ነበረባቸው። የላላውን ካቴና ብሩኽዛል ከተማ ውስጥ አንድ ቀጥቃጭ አጠበቀላቸው። ቁልቁለት ላይ የእንጨቱ ፍሬን ተበልቶ መያዝ ሲያቅተው ደግሞ ባውሽሎት መንደር ያለ ጫማ ሰፊ ቆዳ መታበት። እንግዲህ የፍሬን ሸራ የምንለው ነገር ታሪክ እዚህ ይነሳል። ዳገት ላይ ግን መርፌም ላስቲክም አያድንም። ሞተሩ አቅም ስላነሰው ወርደው ገፉት።

ሲመሽ ፎርትስሃይም ደረሱ። ቤርታ ለካርል በደህና መድረሳቸውን በቴሌግራም አሳወቀችው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ያንኑ መኪና እየነዱ ተመለሱ።

ከመርፌው ጀርባ ያለው አስተሳሰብ

ይሄ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ አስቂኝ ነገር ነው፤ መርፌዋ፣ የካልሲዋ ላስቲክ። እኔን የሚገርመኝ ግን የአሠራሯ ቅደም ተከተል ነው።

የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ነዳጅና አየር በልኩ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እመቃ፣ በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ። እነዚህ ካሉ ይነሳል። እንዳይቃጠል ማቀዝቀዣ፣ እንዳይፋቅ ዘይት ይጨመርበታል። ቤርታ ሞተሩ ሲቆም የትኛው እንደጎደለ ነበር የፈለገችው። ነዳጅ ደርሷል? ብልጭታ አለ? ውኃ አለ? በቃ።

ዛሬ ዲኤክስ ኮሮላ ይሁን ላዳ ይሁን ቪትዝ፣ ጥያቄው አልተቀየረም። ሞተሩ እየተሽከረከረ አልነሳም ካለ ካንዴላ ተፈትቶ ይታያል። በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ እየደረሰ ነው፣ ስለዚህ ብልጭታውን መጠርጠር ነው። ደረቅ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ አልደረሰም፤ ፊልትሮና ፖምፓ ይታይ። ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነዳጅ መብዛቱን፣ ዘይት የተቀባ ካንዴላ ደግሞ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ይናገራል። ቁልፍ ስታዞሩ ቀጭ ቀጭ ብቻ ካለ ደግሞ ሞተሩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት የባትሪውን ጫፎች እዩ፤ ዝገትና መላላት ብዙ ሰው አስገፍቷል።

ሙቀትም እንደዚያው። መርፌው ወደ ቀዩ ሲወጣ መጀመሪያ መቆም፣ ማጥፋት፣ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ደግሞ ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላል። ከበረደ በኋላ የውኃው መጠን፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ ማራገቢያው ይታያል። ውኃው የትም ሳይፈስ ከጎደለ፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ካልጠፋ፣ ዘይቱም ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ፣ ያን ጊዜ የቴስታታ ጋስኬት ነው የሚጠረጠረው።

ልብ በሉ፣ ሁሉም የሚጀምረው ምንም ከማያስከፍለው ፍተሻ ነው። ማየት፣ ማሽተት፣ መስማት፣ አንድ ብሎን መፍታት። ውዱ ዕቃ የሚቀየረው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በግምት ፖምፓ ይቀየራል፣ አልሆነም። ኮይል ይቀየራል፣ አልሆነም። በመጨረሻ የተበላሸ ሽቦ ይገኛል። ሹፌሩ የሁለቱንም ዕቃ ዋጋ፣ የቆመበትን ቀን ገቢም ይከፍላል። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ይሄ የቤት ኪራይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ነገሩ የበለጠ ከብዷል። አሁን መንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ መኪኖች ረጅም ዕድሜ መኖር አለባቸው። በግምት የሚጠገን መኪና ደግሞ ዕድሜው አይረዝምም።

ከጉዞው በኋላ

ቤርታ ይዛ የተመለሰችው ዝና ብቻ አይደለም፣ የጉድለት ዝርዝርም ነው። ዳገት አይወጣም ስለተባለ ለመኪናው አንድ ተጨማሪ፣ ለዳገት የሚሆን ማርሽ ተጨመረለት። ፍሬኑ ላይ ቆዳ ገባ። ካርል ወርክሾፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ቁጭ ብሎ ያላየውን፣ እሷ ከልጆቿ ጋር መንገድ ላይ አየችው። ምክንያቱም የዕቃ ጉድለት ከሠሪው ይልቅ ለሚጠቀምበት ሰው ቀድሞ ይታያል።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ካርል መኪናውን ሙኒክ ኤግዚቢሽን ላይ አቅርቦ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ሽያጩ ወዲያው አልፈነዳም፤ ቀድሞ የሞቀው ፈረንሳይ ነው፣ ፓሪስ ላይ ኤሚል ሮዤ በሚባል ወኪል በኩል። በ1894 ቬሎ የተባለ አነስ ያለና ረከስ ያለ ሞዴል ወጣ፣ በዓመታት ውስጥም 1,200 ያህል ተመረተ። በ1899 ኩባንያው በአንድ ዓመት 572 መኪና ሠርቶ የዓለም ትልቁ መኪና አምራች ሆነ። በጥሎሽ የተረፈው ወርክሾፕ እዚህ ደረሰ።

ኑሮ ግን ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በ1903 ካርል በራሱ ኩባንያ ውስጥ ተጋጭቶ ከሥራው ወጣ። ቤተሰቡ ላደንቡርግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ፣ በ1906ም ካርል ከልጆቹ ጋር ሌላ ኩባንያ ከፈተ። በ1926 የድሮው ኩባንያ ከተፎካካሪው ከዳይምለር ጋር ተዋህዶ ዳይምለር ቤንዝ ሆነ። ዛሬ መርሴዲስ ላይ የምናነበው ቤንዝ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ካርል ሚያዝያ 4 ቀን 1929 ላደንቡርግ ቤቱ ውስጥ ሞተ። ቤርታ ከእሱ በኋላ 15 ዓመት ኖረች። ሁለት የዓለም ጦርነት አየች። ያ እየተገፋ ዳገት የወጣ ነገር በሚሊዮን ተመርቶ ዓለምን ሲሞላም አየች።

ዕውቅናው የመጣው ዘግይቶ ነው። የካርልስሩሄ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ሴናተር ያደረጋት ግንቦት 3 ቀን 1944፣ 95ኛ ዓመት ልደቷ ዕለት ነበር። ካርል የተማረው እዚያው ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 5፣ ቤርታ አረፈች። በ2008 የሄደችበት መንገድ በስሟ ተሰየመ፤ ዛሬ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ምልክት ተተክሎለታል፣ ሰው ይነዳበታል።

ቤርታ የመሐንዲስነት ዲግሪ አልነበራትም። የነበራት ሞተሩ ሲሠራ አጠገቡ የቆመችባቸው ብዙ ዓመታት ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ስለምታውቅ፣ ሲቆም የት መፈለግ እንዳለባት አወቀች። እናንተም መኪና ካላችሁ፣ ወይም ነገ የሚኖራችሁ ከሆነ፣ ሲቀጥ ሳይሆን በደህና ሲሠራ ኮፋኖውን ክፈቱት። የዘይቱ መለኪያ የት ነው? ውኃው ስንት ይላል? ካንዴላው ከየት ይፈታል? ደህናውን ያላየ ሰው ብልሽቱን አይለይም።